የጋትሉዋክ እጅ

ተሰማ የጤና ቢሮ ሾፌር ሆኖ ወደ ጋምቤላ የወረደው ገና ጎልማሳ ሳለ ነው። ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ወደ ደጋ ለመመለስ ነበር ሐሳቡ፤ ግን ሚስቱን አልማዜን ከመቱ አምጥቶ ቤት ሠራና እዚያው አረጀ። በሥራ ዘመኑ ከአቦቦ እስከ ጎግ፣ ከኢታንግ እስከ ድንበሩ ድረስ ክትባትና መድኃኒት ሲያመላልስ ኖሯል። ምጥ የያዛት ሴት አለች ሲሉት እየበላ ከሆነ እጁን ታጥቦ ይነሳል እንጂ ነገ አይልም ነበር። በእሱ መኪና ውስጥ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ያስተምራሉ። ስለዚህ ተሰማ በከተማው ሲያልፍ ሰላምታው አያልቅም።

ያቺ መኪና ላንድሮቨር ነበረች። ከቢሮው ስትወገድ ሌላ የሚፈልጋት ሰው ስላልነበረ እሱ ገዛት። በሯ በሽቦ የታሰረ፣ ጣሪያዋ የዛገ ነበር። ተሰማ ቅጠልያ ቀለም ቀባት፣ ወንበሯን በአዲስ ቆዳ አሰፋ፣ ግቢው ካለው የማንጎ ዛፍ ስር አቆማት። የሰፈር ሰው ከሩቅ በድምጿ ያውቃታል። ጡረታ ከወጣ በኋላም የሰው ዕቃ እየጫነ፣ ለቅሶ የሚሄዱ አሮጊቶችን እያደረሰ ይነዳት ነበር።

የላንድሮቨሯ ችግር ኳድሮዋ ላይ ነበር። ኳድሮ የሚሉት ቁልፉ የሚገባበትን፣ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ ነው፤ ቁልፉ ሲወጣ መሪውን የሚቆልፈውም እሱ ነው። የእሷ ኳድሮ ከዕድሜ ብዛት ውስጡ ተበልቷል። ቁልፉን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ግራ ዘንበል ካላደረጉት አይዝም። አንዳንዴም በኮረኮንች ላይ ሞተሩ ድንገት እልም ይልና እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። ተሰማ ይህን ጠባይዋን ለምዶታል፤ አልማዜ ግን በየጊዜው ትነዘንዘው ነበር።

በመጨረሻ ጋትሉዋክ ዘንድ ወሰዳት። ጋትሉዋክ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ከድንበር ማዶ በልጅነቱ መጥቶ ሙያውን በከተማው ጋራዦች እየተዘዋወረ ተማረ፤ የከተማው የጭነት መኪናና የባጃጅ ሾፌር ግማሹ ደንበኛው ነበር። አማርኛን የለመደው ካደገ በኋላ ስለሆነ አንቱታ አይገባበትም፤ ተሰማን «ጋሼ» ይለዋል፣ ወዲያው ደግሞ «አንተ» ብሎ ይቀጥላል። ተሰማ ይህን ይወድለታል። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ስለ ድሮ መኪናዎች ሲያወሩ ይውላሉ። ያን ቀን ጋትሉዋክ ኳድሮውን ፈትቶ አጸዳ፣ የላላውን አጠበቀ፣ ለጊዜው እንደሚሠራ፣ አዲስ ሲገኝ ግን መቀየር እንዳለበት ነግሮት ገጠመው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ መልካም ሆነች።

ብዙም ሳይቆይ ተሰማ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ሥራ የጀመረ አንድ ጎረቤቱን ከነዕቃው አደረሰና ብቻውን ወደ ከተማ ተመለሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ አዘቅዝቃ ነበር። ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አሳ የሚሸጡ ሴቶች ከሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ ኛፑዎክ የምትባል ሴት የአሳ ሳፋዋን በራሷ ላይ ተሸክማ መንገድ ስትሻገር ገጫት። ኛፑዎክ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በአሳ ንግድ የምታሳድግ ሴት ናት። ከተማው ሁሉ ያውቃታል። አሳው በአስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ እሷ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል።

ሰው ሲሰበሰብ ተሰማ መሪውን እንደያዘ ተቀምጦ ነበር። ምን ሆነህ ነው ቢሉት፣ ኳድሮው እየሄድኩ ጠፋብኝ፣ ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ተቆለፈብኝ አለ። የመኪናዋን ጠባይ የማያውቅ ስላልነበረ ሁሉም አመነው። የትራፊክ ፖሊሱም መጥቶ አየና ኳድሮው ሳይቀየር መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ አዞ ሄደ። ጉዳዩን ሽማግሌዎች ያዙት። ተሰማ ማሳከሚያውን ቻለ፤ ኛፑዎክና ወንድሟ ኪየርም ይቅር አሉት። ኪየር በኒውላንድ የሚከበር፣ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። በዚያው ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ያላለቀው በጋትሉዋክ ላይ ነው። ኳድሮውን በቅርቡ የነካው እሱ መሆኑ ሲሰማ ወሬው በከተማው ተዳረሰ። መጀመሪያ የባጃጅ ሾፌሮቹ ቀሩ። ቀጥሎ የጭነት መኪናዎቹ ሌላ ጋራዥ መሄድ ጀመሩ። ኛፑዎክ የገዛ ጎሣው ሴት ስለሆነች ዘመዶቹ ቤቱ መጥተው ወቀሱት። ጋትሉዋክ ግን አልተከራከረም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደህና አድርጌ አላጠበቅኩም ይሆናል ብሎ ራሱ ሄዶ ኛፑዎክ አልጋ አጠገብ ተንበረከከ። ልጆቿ ሳይቀር ፊታቸውን አዞሩበት። ተሰማ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ሰው ጋትሉዋክን በፊቱ ሲያማው፣ ተዉት እባካችሁ፣ ሰው አይሳሳትም ወይ ይላል፤ ከዚያ አልፎ አይናገርም። ሰው ደግሞ የልቡን ደግነት ያደንቃል።

የኛፑዎክ አጥንት አልገጠመም። ከጄሶው ስትወጣ እግሯ አጥሮ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ መቆም አልቻለችም። ሳፋ ተሸክሞ መንገድ ለመንገድ መሄድ ቀረ።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ጋትሉዋክ ተሰማ ቤት መጣ። አዲስ ኳድሮ ሊገጥምለት እንደሚፈልግ፣ ዋጋም እንደማይቀበል ነገረው። አልማዜ አመሰገነችው፤ ተሰማ ግን ለምን ትቸገራለህ፣ እኔ እኮ ወዴትም አልሄድም እያለ ሊያስቀረው ሞከረ። ጋትሉዋክ አልሰማውም።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና በደንብ ሠርቼ ካላስነሳኋት እጄ አይታመንም» አለው። «ሰው እሷ ስትሄድ ማየት አለበት።»

ዕቃው እንዲህ በቀላሉ አልተገኘም። አብዱልባሲጥ የሚባለው የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቁን ገልብጦ ፈልጎ ሲያጣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወዳለው ወንድሙ ደወለ። የላንድሮቨሯ ዓይነት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የመጀመሪያው የመጣው ለሌላ ሞዴል የሚሆን ነበርና ተመለሰ። ቀጥሎ መንገድ ተዘጋና አውቶብስ ቀረ። ጋትሉዋክ በየጊዜው አብዱልባሲጥ ሱቅ እየሄደ ይጠይቃል፤ ሱቁ በር ላይ የሚቀመጡ ሾፌሮች ሲያዩት ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንዱ ቀን አብዱልባሲጥ ራሱ፣ አንተ ልጅ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተወው አይሻልም ወይ ብሎ መከረው። ጋትሉዋክ ከሱቁ ወጣ። በመጨረሻ ከአሮጌ ላንድሮቨር የወጣ፣ ግን ገና ያልተበላ ኳድሮ ተገኝቶ ደረሰ።

ሥራው የተጀመረው ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ነው። ጋትሉዋክ ከቁርስ በኋላ መጣና የባትሪውን ሽቦ ነቀለ። አሮጌው ኳድሮ በመሪው ዘንግ ላይ የታሰረባቸው ብሎኖች ሌባ እንዳይፈታቸው ተብሎ ጭንቅላታቸው ሆን ተብሎ የተቆረጠ ነው፤ በብሎን መፍቻ አይያዙም። በመሰርሰሪያ እየበሳ፣ በመሮ እየመታ አወጣቸው። ላብ በዓይኑ እየገባ ብዙ ደከመ። ከኋላው የተሰኩት ሽቦዎች ቀለማቸው ከፀሐይ ብዛት ጠፍቶ ሁሉም ግራጫ ሆነዋል፤ የትኛው ከባትሪ እንደሚመጣ፣ የትኛው ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደሚሄድ አንድ በአንድ እየተከተለ ለየ። ተሰማ አጠገቡ ቆሞ፣ ከሚያውቀው እየነገረ አገዘው። እንደ ድሮው ሆነው ነበር። አልማዜ ውኃ ስታቀርብላቸው ሁለቱም ሲስቁ ሰምታ ደስ አላት።

አዲሱ ኳድሮ ቦታው ላይ ሲገባ ጋትሉዋክ የባትሪውን ሽቦ መልሶ ሰክቶ በጀርባው ተንጋልሎ አንገቱን ከመሪው ስር አስገባ፤ እግሮቹ በበሩ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ተሰማ ከጎኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፉን እንዲያዞር ተነገረው። ሽቦዎቹ በትክክል ከተሰኩ፣ ቁልፉ ሲዞር ከመሪው ፊት ያለች ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች። ከስር ሆኖ እሷን ማየት አይቻልም።

ተሰማ ቁልፉን አዞረ።

«በራ?» አለ ጋትሉዋክ።

«አልበራም።»

ጋትሉዋክ ሁለት ሽቦዎችን አቀያየረ። ተሰማ አዞረ፤ አልበራም አለ። ሌላ ሽቦ ተነቀለ፣ ሌላ ተሰካ። አሁንም አልበራም። ጋትሉዋክ ከስር ወጥቶ ባትሪውን መረመረ፣ ደህና ነው። ተመልሶ ገባ። ሽቦዎቹን ነቅሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። አንዱ ሽቦ ብረት ነክቶ ብልጭ ሲል ጣቱን አቃጠለው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ትንሽ ቆየና ቀጠለ። ፀሐይዋ ከማንጎው ጥላ አልፋ ላንድሮቨሯ ላይ አረፈች። ብረቱ አይነካም። ተሰማ በየጊዜው ወደ መሪው አጎንብሶ እያየ፣ የለም፣ ምንም የለም ይላል። የሚለውም ከልቡ ነበር። ከስር የሚሰማው የጋትሉዋክ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ከብዙ ድካም በኋላ ጋትሉዋክ ተጎትቶ ወጣና ተነስቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ሸሚዙ በጀርባው ላይ ተጣብቋል። አዲሱም ዕቃ የሞተ ነው፣ ወይም እኔ ሥራው ጠፍቶኛል አለ። ከዚያ ራሱ ቁልፉን ያዘና አዞረ።

ቀይዋ መብራት በራች። ከሁለቱም ፊት ቁልጭ ብላ በራች።

«አየህ?» አለ ተሰማ። «አሁንም የለም።»

ጋትሉዋክ መብራቷን አየ፤ ከዚያ ተሰማን አየ። ቁልፉን አጥፍቶ እንደገና አዞረ። ተሰማ አጎንብሶ ወደ መሪው አፈጠጠ፤ ራሱን ነቀነቀ። ጋትሉዋክ እጁን አንስቶ ከተሰማ ጆሮ አለፍ ብሎ፣ ከዓይኑ ጎን ጣቶቹን አወዛወዘ። ተሰማ አልዞረም። ዓይኑንም አልጨፈነም። ጣቶቹ ወደ ፊት እየመጡ፣ አፍንጫው አካባቢ ሲደርሱ ብቻ ደንገጥ ብሎ ወደ ኋላ አለ።

አልማዜ ከቤት ውስጥ ሰሐን ስታጥብ ይሰማል።

«ያን ቀን» አለ ጋትሉዋክ፣ «ኛፑዎክን አይተሃት ነበር?»

ተሰማ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አላየኋትም።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ይሠራ ነበር። ካቆምኩ በኋላ ነው ያጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ከዚያ ሁሉን ነገረው። ከአደጋው በፊት ዓይኑን ሊታይ ጅማ የሄደ ጊዜ ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን፣ ነርቩ ከዳር ጀምሮ እየሞተ መሆኑን፣ የሞተው እንደማይመለስ፣ የሰጠው ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ አስረድቶታል። መንዳት ፈጽሞ እንዲያቆምም ነግሮታል። ተሰማ የሰጡትን ወረቀት እዚያው መናኸሪያ ቀዳዶ ጣለው። ለአልማዜ የአቧራ አለርጂ ነው አላት። ከዚያ ወዲህ የሚያየው በጠባብ ቱቦ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን፣ እሱንም ብርሃን ሲኖር ብቻ፤ እንደዚያች ቀይ መብራት ያለ ትንሽ ነገር ግን ቢፈልገውም አያገኘውም። መንገዱን ስለሚያውቀው ነዳ። ማቆም ያልቻለው፣ ካቆመ ለምን ብለው ስለሚጠይቁት ነው። ካቆመ ደግሞ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ከመንዳት ሌላ ሙያ ኖሮት አያውቅም።

ጋትሉዋክ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። አልተቆጣም። ተመልሶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ መሸፈኛውን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አሰረ። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ላንድሮቨሯ እንዲህ ተነስታ አታውቅም። አልማዜ ድምጹን ሰምታ እጇን እያደረቀች ወጣች፣ ተባረክ ወንድሜ አለችው። ጋትሉዋክ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

ሊሄድ ሲል ተሰማ እጁን ያዘው። እነግራቸዋለሁ፣ ለኪየርም ለኛፑዎክም ለሁሉም እናገራለሁ አለው።

«ሰው ሁሉ እጄን እያየ ነው የሚያልፈው፣ ጋሼ» አለ ጋትሉዋክ። «እኔም ራሴ እጄን ሳይ ነው የማድረው። ምን አጠፋህ እያልኩ።»

ተሰማ ቃሉን ጠበቀ። ፈርቶ ጥቂት ቆየ እንጂ አልቀረም። ወደ ኪየር ሰው ላከና ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኒውላንድ፣ በፊት ባስታረቁበት ዛፍ ስር ተሰበሰቡ። ኛፑዎክ በምርኩዟ መጣች። አብዱልባሲጥም በሽማግሌነት ከነበሩት አንዱ ስለነበር ተገኘ። ጋትሉዋክ ከሁሉ ራቅ ብሎ ቆመ። አልማዜ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ባሏን ተከትላ መጣች።

ተሰማ ተነስቶ ተናገረ። ኳድሮው እንዳልጠፋ፣ መሪውም እንዳልተቆለፈ፣ ዓይኑ ስለማያይ እንደገጫት፣ ፈርቶ እንደዋሸ፣ ጋትሉዋክ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ተናገረ። ሲጨርስ ላቡ በአገጩ ይወርድ ነበር። ሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው እርስ በርስ ጥቂት ተነጋገሩ።

ከዚያ ኪየር ከመቀመጫው ተነስቶ መጣና ፊቱ ቆመ።

«ተሰማ፣ እኔን ታየኛለህ?»

«አዎ፣ አንተን አይሃለሁ። ፊቴ ስለቆምክ ነው።»

«ይህ ምንድነው?» ምርኩዙን አነሳ።

«ምርኩዝ ነው። ግን ከጎን ያለውን …»

ኪየር እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ፈገግታው የፍቅር ነው። ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ታውቁታላችሁ አለ። ወዳጁ ሥራ ስላጣ ልቡ አልቻለም። ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊወስድ መጣ። ድሮም እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አብዱልባሲጥ ደግሞ፣ ተሰማ ሱቄ መጥቶ ብሎን መርጦ የሚገዛ ሰው ነው፣ ዕውር ሰው ብሎን ይመርጣል ወይ አለ። ተሰማ በዳሰሳ እንደሚመርጥ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ማንም አልሰማውም።

ኛፑዎክ ከተቀመጠችበት ተናገረች። የበኩር ልጇን ስትወልድ ምጥ ጠንቶባት በውኃ ሙላት ጊዜ በዚያች መኪና ሆስፒታል ያደረሳት ተሰማ ነው።

«አንተ አባቴ ነህ» አለችው። «ለእሱ ብለህ አትዋሽ። ኃጢአት ነው።»

ኪየር በመጨረሻ አልማዜን ጠየቃት። የባልሽ ዓይን እንዴት ነው አላት። ተሰማ ወደ ሚስቱ ዞረ። አልማዜ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ዓይኑ ደህና ነው» አለች። «አለርጂ ነው ያለበት።»

ስብሰባው በዚህ አበቃ። ሽማግሌዎቹ ተሰማን አንድ በአንድ እየጨበጡ መረቁት። ጋትሉዋክ የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር፤ መቼ እንደሄደ ያየው የለም። ከስብሰባው ከተመለሱት ሰዎች መካከል ግን ጋትሉዋክ ሽማግሌ ሰው አስገድዶ አስመሰከረ የሚል ወሬ ተነሳ። እስካሁን ስሙ ሥራ የማያውቅ መካኒክ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፉ ሰው ሆነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ተሰማ ሚስቱን ለምን እንዲህ አልሽ ብሎ ጠየቃት። አልማዜ ክንዱን ይዛው ነበር። መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ አሳለፈችውና ቆመች። ጠብታውን ራሱ መጨመር ሲያቅተው፣ ውኃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ፣ የበሩን ጉበን ሲመታ አይታለች። አይታ ዝም ብላለች።

«ዓይንህ እንደማያይ እያወቅክ ነድተህ ሰው አካለ ጎደሎ አደረግክ ማለት እኮ ነው» አለችው። «እስር ቤት ልውሰድህ? በዚህ ዕድሜህ?»

«ጋትሉዋክስ?»

«ጋትሉዋክ ወጣት ነው። ሌላ ከተማ አለ።»

ተሰማ በማግስቱ በሰው ተመርቶ ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄደ። እዚያ ያገኘው ሰው በአክብሮት አስቀመጠውና ነገሩ በሽምግልና ስላለቀ፣ የቆሰለችውም ሴት ክስ ስለሌላት፣ የሞተ ነገር ባይቀሰቅሱ እንደሚሻል መከረው። አባቴ ይረፉ አለው። ጅማ ሄዶ እንደገና ተመርምሮ ማስረጃ ለማምጣትም አስቦ ነበር። ብቻውን መንገድ መሄድ ግን አይችልም፤ አልማዜም አልወስድህም አለች። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ምግብ እምቢ አለ። እሷ አለቀሰች እንጂ ከቃሏ አልወረደችም።

ጋትሉዋክ ጋራዡን አፈረሰ። ቆርቆሮውን ለጎረቤት ሰጠ፤ መሣሪያዎቹን በጆንያ አድርጎ መጀመሪያ ትየርኪዲ መጠለያ ወዳሉ ዘመዶቹ ሄደ። እዚያም ወሬው ቀድሞት ደርሶ ስለነበር አልቆየም፤ ድንበር ተሻግሮ ሄደ ተባለ። ማዶ ደግሞ በዚያ ሰሞን ተኩስ ነበር፣ ሰው ከዚያ ወደዚህ እየሸሸ ሳለ እሱ ወደዚያ ገባ። ከመሄዱ በፊት ተሰማን አልተሰናበተም። ተሰማ ስልኩን እያስደወለ ብዙ ሞከረ፤ አይሠራም። ከማዶ የሚመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ጋትሉዋክ የሚባል መካኒክ አይታችኋል ወይ ይላል። ጋትሉዋክ የሚባል ሰው ብዙ ነው ይሉታል።

ክረምቱ ገብቶ ባሮ ሲሞላ የተሰማ ዓይን ፈጽሞ ጨለመ። መጀመሪያ የፊት ለፊቱ ቀዳዳ እንደ ጭስ ሆነበት፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ እሱም አልነበረም። አሁን ምንም ሊደበቅ የሚችል ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ አየው። ተሰማ በልቡ አሁን ያምኑኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ሊጠይቁት የሚመጡትን ሁሉ፣ አያችሁ፣ ነግሬያችሁ ነበር እኮ ይላቸዋል።

እነሱ ግን ያዩት ሌላ ነው። ተሰማ በሐዘን ታወረ አሉ። በሠላም የኖረ ሰው ሌላው ባጠፋው ጥፋት ሲቃጠል ከርሞ ዓይኑ ጠፋ አሉ። አንዳንዱ የጋትሉዋክን ስም እየጠራ ይረግመዋል። ኪየር በግ አስይዞ መጣ። አብዱልባሲጥ ለላንድሮቨሯ ገዢ ቢያመጣም አልማዜ አልሸጥም አለች፤ ለምን እንደሆነም አልተናገረችም።

ኛፑዎክ ራሷ መጣች። በምርኩዝ ከኒውላንድ እስከዚያ መድረስ ቀላል አልነበረም፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ይሰማ ነበር። አልማዜ ወንበር አቀረበችላት። ኛፑዎክ የተሰማን እጅ ይዛ በቋንቋዋ ጸለየችለት፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ያ ሰው የኔን እግር፣ የአንተን ዓይን ወሰደ አለችው።

ተሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ አድርጎ ነገራት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ እንደደከመበት፣ እሷን እንዳላያት፣ የግጭቱን ድምጽ ሲሰማ ፍየል እንደመሰለው፣ ሞተሩን በራሱ እጅ እንዳጠፋው ነገራት። ምንም አላስቀረም። ኛፑዎክ ሳታቋርጠው ሰማችው።

«እሺ አባቴ» አለች ሲጨርስ። እንደ ታማሚ ልጅ እጁን ዳበሰችው። «እሺ። አሁን ተኛ።»

ከሄደች በኋላ አልማዜ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ነገሩን ደግሞ ደጋግሞ በተናገረ ቁጥር ሰው አእምሮውም ተነክቷል ማለት መጀመሩን ነገረችው፤ ድምጿ ደክሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ተሰማ ስለዚያ ነገር ለማንም አልተናገረም።